የኮርቻ ሰፊው የመጨረሻ ስፌት

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም በረዶ ይዞ መጣ። ሰብሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአፈር ጋር ተለሰነ። የተረፈውን ውርጭ ጨረሰው። የከብቶቹ አጥንት መጀመሪያ ታየ፣ ቀጥሎ ተቆጠረ፣ ከዚያ ከብቶቹ ወደቁ። ጎረምሶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረዱ። በሸለቆው ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ቀረ። የወፍጮው ድንጋይ መዞር ካቆመ ሁለት ወር አለፈ። የደን ጽሕፈት ቤቱ ለየቤቱ አንድ የዱር ፍየል እንዲታደን ፈቅዶ ወረቀት አደለ። ወረቀቱ ለሁሉም ደረሰ፤ ተራራውን የሚወጣ ጉልበት ግን ለሁሉም አልደረሰም።

የኮርቻ ሰፊው ልጅ በወለደች በሃያ ቀኗ ጡቷ ደረቀ። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ ማቃሰት ያዘ። አዋላጇ መጥታ አየቻት።

«ለዚህ ኪኒን የለኝም» አለች። «ስጋና መረቅ ካገኘች ወተቱ ይመለሳል። ካላገኘች እኔን ዳግመኛ አትጥሩኝ።»

ልጅቷ የአናጢው የሟች እህቱ ልጅ ናት። አናጢው ይህን በሰማ ማግስት ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ ቤቱ ገባ። በመጋዞቹ መካከል ከተሰቀለበት ጠመንጃውን አወረደ። ሦስት ጥይት ነበረው። ከዚያ ሁለት በትር አወረደ፤ ስልቻና ሸራም በጀርባው አዘለ።

አንደኛውን በትር አምና፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ለራሱ ጠርቦታል። ሁለተኛው አሮጌ ነው። ጫፉ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ሹል ብረት፣ እጀታው ላይ እጅ የሚያስገባ የጠፍር ቀለበት አለው። ድሮ የሸለቆው አዳኝ ሁሉ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነበር። እንጨቱን አናጢው ይጠርባል፤ ጠፍሩን አማቹ ኮርቻ ሰፊው ይሰፋል።

ያ አሮጌ በትር የአናጢው ንብረት አይደለም። ዕዳው ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከአደን ሲመለሱ ወንዙ አናጢውን ወሰደው። ኮርቻ ሰፊው ከዳር ሆኖ ይህንኑ በትሩን ዘረጋለት፤ አናጢው ጫፉን ያዘ። የኮርቻ ሰፊው ቀኝ እጅ በጠፍሩ ውስጥ ነበር። ውሃው ሲጎትት ጠፍሩ የእጁን አንጓ ጠምዝዞ ጅማቱን በጠሰው። እጁን አሹልኮ ማውጣት ይችል ነበር። አላወጣም። አናጢው ዳነ፤ የኮርቻ ሰፊው ቀኝ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲያ አልጨበጡም። መርፌ መያዝ ያቃተው ኮርቻ ሰፊ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ። አንድ ኮርቻ ሳይሰፋ ሃያ ሁለት ዓመት ኮርቻ ሰፊው እየተባለ ኖረ። በሸለቆውም ሕግ ተተከለ፤ ወንዝ የሚገባ ሰው እጁን ከጠፍር ያወጣል።

አናጢው በትሩን ሊመልስ ሦስት ጊዜ ወፍጮ ቤት ሄዶ ነበር። ኮርቻ ሰፊው ሦስቱንም ጊዜ «በምን ልይዘው?» ብሎ መልሶታል። አናጢው ጠፍሩ እንዳይደርቅ በየዓመቱ ሞራ እየቀባ ምስማሩ ላይ ይሰቅለዋል። ሌላ የሚያደርገው አላገኘም።

ያን ቀን ጠዋት ኮርቻ ሰፊው የሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። በግራ እጁ አንድ ተራ በትር፣ በጀርባው ባዶ ስልቻ ይዟል።

«ወዴት ነው?» አለ አናጢው።

«አንተ ወደምትሄድበት።»

«በአንድ እጅ?»

«አንተስ በአንድ ጉልበት አይደል?» ኮርቻ ሰፊው በትሮቹን አየ። አሮጌውን አወቀው። «አንድ ምርኩዝ የሽማግሌ ነው። ሁለት ምርኩዝ የማን ነው?»

«የሚመለስ ሰው» አለ አናጢው።

በወንዙ ላይ ያለውን የገመድ ድልድይ ተሻግረው አቀበቱን ያዙ። በትር፣ እግር፣ በትር፣ እግር። አናጢው በትሮቹን ዝቅ አድርጎ እየያዘ የገላውን ክብደት ከጉልበቱ ወደ ክንዱ አሳለፈ። አፉን ዘግቶ ወጣ። ኮርቻ ሰፊው ከኋላው እየተነፈሰ ወጣ።

ቀኑ ከፍ ሲል ጉም ወረደባቸው። መጀመሪያ ሸንተረሩ ጠፋ፣ ከዚያ ዛፉ፣ ከዚያ የገዛ እግራቸው። አናጢው ፊት ፊት እየሄደ መሬቱን በበትሩ ይዳብሳል። ብረቱ ድንጋይ መታ። እንደገና ድንጋይ መታ። ከዚያ ምንም አልመታም።

«ቁም!»

ኮርቻ ሰፊው ቆመ። ጠጠር ከእግራቸው ሥር ተንሸራቶ ወደቀ። ሲያርፍ አልሰሙትም።

«ስንት ክንድ ይሆናል?» አለ ኮርቻ ሰፊው።

«መለካት ካማረህ ቅደም።»

ገደሉን በስተቀኝ ትተው ዳበሳ እየሄዱ ዞሩት። በረዶው ያገኛቸው ከዚያ በኋላ ነው። ትከሻ ይቀጠቅጣል፣ ጆሮ ያደነቁራል። አናጢው ሁለቱን በትሮች ከአለት ሥር ተክሎ ሸራውን ወጠረባቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ከሥሩ ተጠጋጉ። በረዶው ሲያባራ ቀኑ መሽቶ ስለነበር እዚያው አደሩ።

«ሕፃኑ ስም አልወጣለትም» አለ ኮርቻ ሰፊው ሳይጠየቅ። «አውጪለት ስላት እስኪጠና ይቆይ ትላለች። ስም ያለው ሲሄድ ይበልጥ ያማል ነው ነገሩ።»

አናጢው ሸራውን ወደ አማቹ ትከሻ ሳብ አደረገለት።

ሲነጋ ፍየሎቹን አዩዋቸው። አምስት ናቸው፤ ከሸለቆ ማዶ በቋጥኝ ላይ ቆመዋል። ርቀቱ ለወጣት እጅም ከባድ ነው። አናጢው ሁለቱን በትሮች አጣምሮ በጠፍር አሰራቸውና በመገናኛቸው ላይ የጠመንጃውን አፈሙዝ አሳረፈ። ኮርቻ ሰፊው ተንበርክኮ የበትሮቹን ሥር በግራ እጁና በደረቱ ደገፈ።

«ትንፋሽህ ይነቀንቀዋል» አለ አናጢው በሹክሹክታ።

«እንግዲያው አልተነፍስም።»

ጥይቱ ጮኸ። አራቱ ፍየሎች ሽቅብ ተበተኑ። አምስተኛው ሁለት እርምጃ ሄዶ በጉልበቱ ወደቀ። ኮርቻ ሰፊው ያን ጊዜ ተነፈሰ።

ገፈው ስጋውን ለሁለት ስልቻ ሲከፋፍሉ አናጢው ቀና አለ። ከበላያቸው ካለው አለት ላይ ነብር ተኝቶ ያያቸዋል። ጎኑ ገብቷል። እሱንም ዓመቱ መቶታል። ጅራቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ተኩስ» አለ ኮርቻ ሰፊው።

«ብስተውስ? ብገድለው ደግ፣ ባቆስለው ግን ይበላናል። ተነሥ። ትልቅ ሁን።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ቆሙ። አናጢው ካፖርቱን በሁለቱ በትሮች ላይ ወጥሮ ከራሱ በላይ አነሣ። ኮርቻ ሰፊው በበትሩ ድንጋዩን እየቀጠቀጠ ጮኸ። ነብሩ ግማሽ ተነሣ። ጀርባ ሳይሰጡ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሆድ ዕቃውን ትተውለት ነበር። ነብሩ እነሱን አየ፣ ሆድ ዕቃውን አየ፤ ወርዶ የቀረበውን መረጠ።

«ከሰው ይሻላል» አለ ኮርቻ ሰፊው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ። «ድርሻውን ያውቃል።»

ይህን ማለቱን ከሰዓት በኋላ አስታወሰው። ድልድዩ መግቢያ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከሰል አክሳዮች ናቸው፤ ጥላሸቱ ከፊታቸው አልለቀቀም። ሁለቱ ጠመንጃ አላቸው። አንደኛው፣ ጺሙ ቀይ የሆነው፣ ሲያያቸው ሳቀ።

«ሰባት እግር ያላቸው ሁለት ሰዎች! በዚህ ዓመት የማይታይ ነገር የለም።»

«ስምንተኛው እቤት ቀርቷል» አለ ኮርቻ ሰፊው። «አሳልፉን።»

«ማለፍ ትችላላችሁ። ስጋው ነው የሚቀረው። ጭንቅላቱን ውሰዱ።»

አናጢው ወረቀቱን አወጣ። «ፈቃድ አለን።»

«ወረቀት ይበላል እንዴ?»

«ግማሹን ውሰዱ» አለ አናጢው። «ግማሹ የአራስ ነው። ጡቷ ደርቋል።»

ቀይ ጺሙ ወደ መሬት እያየ «የእኛም ቤት አራስ አለ» አለ። እውነት ይሁን ውሸት ከፊቱ አይነበብም። የጠመንጃውን አፈሙዝ ግን ከፍ አደረገው።

አናጢው ቀሪ ሁለት ጥይቱን በልቡ አሰበ። ኮርቻ ሰፊው እጅጌውን ሳበው። «ና፣ አማቼ። እንሂድ።»

ስልቻቸውን እንደተሸከሙ ዞረው ሲሄዱ ሦስቱ ከድልድዩ አልተነሡም፤ አንዱ ግን ከኋላቸው ጮኸ፤ «ወንዙ ያስከፍላችኋል!»

በእግር የሚሻገሩበት ቦታ ከድልድዩ በታች ነው። አናጢው ያንን ቦታ ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ውሃው ላዩ ጸጥ ብሎ ብልጭ ድርግም ይላል። እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ስለዚህ ወንዝ ይመስላል።

«አብረን አንግባ» አለ ኮርቻ ሰፊው። «አንዱ ቢወሰድ አንዱ ለልጅቷ ያድርስላት። ባለ ሁለት በትር አንተ ነህ፣ ቅደም።»

አናጢው እጁን ከአሮጌው በትር ጠፍር አወጣ። ፊቱን ወደ ወንዙ አመጣጥ አዙሮ በጎኑ ገባ። አንዱን በትር ተከለ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ እግሩን። ሦስቱ ሳይጸኑ አራተኛውን አላነሣም። ውሃው ወገቡ ደረሰ፣ ደረቱን ገፋው፣ መለሰው። ማዶ ወጣ። ስልቻውንና ጠመንጃውን ወርውሮ ዞረ።

ኮርቻ ሰፊው መሐል ደርሷል። ግንዱን መጀመሪያ ያየው አናጢው ነው።

«ከላይ! ግንድ!»

ግንዱ በትሩን መትቶ ወሰደው። ኮርቻ ሰፊው ሰጠመ፣ ብቅ አለ፣ ከአንድ ቋጥኝ ጋር ተላተመ። ግራ ክንዱን በቋጥኙ ላይ ጠምጥሞ ቀረ። ስልቻው ከጀርባው ሆኖ ይጎትተዋል።

አናጢው እንደገና ገባ። አዲሱን በትር በሁለት ድንጋዮች መካከል ሰክቶ በግራ እጁ ተደገፈበት።

«ስልቻውን ጣለው!»

«አልጥልም!»

«አንዱ ደርሷል! ጣለው!»

«አንዱ አይበቃትም!»

አናጢው አሮጌውን በትር ዘረጋ። ጫፉ ደረሰ። ኮርቻ ሰፊው ቀኝ እጁን ሰደደ፤ ጣቶቹ ብረቱን ነኩት፣ አልጨበጡትም። ደግሞ ሰደደ። ብረቱ በመዳፉ ላይ ሾልኮ አለፈ። ግራውን እንዳይዘረጋ ቋጥኙን የያዘለት እሱ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በውሃው ላይ ተያዩ። ኮርቻ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ፤ ተወኝ ማለቱ ነበር።

አናጢው በትሩን አዞረው። ሹሉን ብረት በገዛ መዳፉ ጨብጦ እጀታውን ወደ ውሃው ላከ። የጠፍሩ ቀለበት ተንሳፎ ኮርቻ ሰፊው ፊት ደረሰ።

«እጅህን አስገባ!»

«ሕጉ...»

«ሕጉ ለሚጨብጥ ሰው ነው! አስገባ!»

የማትጨብጠዋ እጅ በቀለበቱ ውስጥ ገባች። ኮርቻ ሰፊው ቋጥኙን ለቀቀ።

የሰውየው፣ የስጋውና የወንዙ ክብደት በአንድ ጊዜ በአናጢው መዳፍ ላይ መጣ። የብረቱ ማዕዘኖች ቆዳውን ቀደዱት፣ ከቆዳው በታች ያለውንም አገኙት። ውሃው ከእጁ ሥር ቀላ። ጣቶቹን መክፈት ይችል ነበር። አልከፈተም። ጠፍሩ ጮኸ፣ ስፌቱ ተወጠረ፣ ግን አልተተረተረም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፤ ደግሞ አንድ። ተረከዙ አሸዋ ነካ።

ዳር ላይ ጎን ለጎን ወድቀው ለረጅም ጊዜ ሰማዩን አዩ። ኮርቻ ሰፊው እጁን ወደ ዓይኑ አቅርቦ ጠፍሩን መረመረ። ባለሙያ እንደሚያይ ነበር ያየው።

«ይህ ስፌት የኔ ነው።»

«የመጨረሻህ።»

«ሁልጊዜ እንደተቆጨሁ ነው። ትንሽ አላልቼ ብሰፋው ኖሮ ያኔ ተበጥሶ እጄ በተረፈ እላለሁ።»

«አላልተኸው ቢሆን ዛሬ አንተ አትተርፍም ነበር።»

ኮርቻ ሰፊው ከዚያ የአናጢውን መዳፍ አየ። ሸሚዙን በጥርሱና በግራ እጁ ቀዶ አሰረለት። ቋጠሮው የኮርቻ ሰፊ ቋጠሮ ነበር።

ቤት ሲገቡ ፀሐይ አልጠለቀችም። መረቁ ተጣደ። ልጅቷ ያን ቀን ጠጣች፣ በማግስቱም ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት ነክሶ ያዘ፤ ሲነጥቁትም ጮኸ። እስከ ወፍጮ ቤቱ የሚሰማ የቁጣ ለቅሶ ነበር። አዋላጇ ሰምታ «አሁን ስም አውጡለት» አለች።

አናጢው ሊጠይቃት ሲገባ እጁ እንደታሰረ ነው። ሁለት ጣቶቹ ከእንግዲህ መላጊያ አይገፉም፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

«አጎቴ፣ እጅህን ምን ነካህ?»

አናጢው እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። አባቷ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። አሮጌው በትር ከቀኝ እጁ አንጓ ላይ በጠፍሩ ተንጠልጥሏል።

«ዕዳ ሲከፍል ነው» አለ።

«የምን ዕዳ?»

«የቆየ ነው። እጅ በእጅ ነበር ነገሩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ዘገየ እንጂ።»

ተነሥቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወጣ። በትሩን በምን እንደሚይዘው ማንንም አልጠየቀም።