አገር ስጪኝ ያሉ ሙታን

ጅብ ከሬሳ ሲሸሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ልጆቼ? በሰንደራ መንግሥት ላይ ለመጣው መዓት ምልክቱ ይህ ነበር። አንድ ምሽት የቆላው ጅብ ሁሉ ጭራውን ወሽቆ ወደ ደጋ ሲሮጥ ታየ። ሽማግሌዎች «ጅብ የሚፈራው ሬሳ ምን ዓይነት ሬሳ ነው?» ተባባሉ። መልሱ በእግሩ እየሄደ መጣ።

ንጉሥ ሳልባ በጉብዝናው ዘመን ወደ አራግ የጨው ሜዳ ያዘመተው ሠራዊት በውሃ ጥም አልቆ፣ ቀባሪ አጥቶ ቀርቶ ነበር። ያ ሠራዊት ተነሣ። ጨው ያደረቀው ገላ አይሸትም፣ አይፈርስም፤ መንገድ ላይ ቢያገኙት ሰላምታ ይመልሳል፣ ውሃ ይለምናል። ደጁን የከፈተለትን ግን አንቆ ይገድላል፤ የተገደለውም ተነሥቶ ይከተለዋል። በጦር ቢወጉት አይደማ፣ እሳት ቢለቁበት አይነድ።

ሕያውን ከሙት ለመለየት በንጉሡ ከተማ በር ላይ ጓንጉል የሚባል ቀልደኛ ዘበኛ ነበረ። ለመጣው ሁሉ «እንቆቅልህ» ይላል። ሕያው ሰው ሳያስበው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ምላሱ ላይ ያደረ ነገር ነዋ። ሙት ግን ከጨዋታው የቀረው መጨረሻው ብቻ ነው።

«አገር ስጠኝ» ይላል።

ጓንጉል መጀመሪያ ይህን የሰማ ቀን ጨነቀውና እንደ ልጅነቱ «ዳሞራን ሰጠሁህ» አለ። ዳሞራ ትልቋ ከተማ ናት፤ የተሸነፈ ልጅ ሁሉ የሚሰጠው እሷን ነው። ሙቱ ፊቱን አዙሮ ሄደ። እልል ተባለ። ከዚያ በየበሩ፣ በየመንደሩ ዳሞራ ተሰጠች። ብዙም ሳይቆይ ከዳሞራ ጣሪያዎች ጭስ መውጣቱ ቀረ፤ ሕዝቧም ተነሥቶ «አገር ስጠኝ» እያለ መጣ።

ያን ጊዜ አንጓች የምትባል ወጣት በዙፋኑ ፊት ቆመች። የእንኮይ ሜዳ ልጅ ናት። ሰዉ ሸሽቶ ቀዬው ባዶውን ቢቀርም፣ አባቷ ያወረሷት ርስት ነበርና ወደዚያ ከመመለስ በቀር ምኞት አልነበራትም።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፤ «ሙታኑ የማያርፉት የሰው አገር ስለሰጠናቸው ነው። የራሱን የሚሰጥ ቢገኝ ይተኛሉ።»

ንጉሡ «አገሩ ሁሉ የእኔ ነው፤ ከየቱ ልቁረስ?» ብሎ አንገቱን ደፋ። የቤተ መንግሥቱ ራእይ ተርጓሚ ግን እንዲህ አላት፦

«ልጄ፣ ከልብ የተሰጠ አገር አይመለስም። እግርሽ ዳግም አይረግጠውም፤ ከልብሽም ይወጣል። ይህን እወቂ።»

«ይውጣ» አለች አንጓች። «ሳልሰጥ ብመለስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።»

ጓንጉል ጦሩን አንሥቶ፣ ለእሷም አንድ ጦር አስይዞ ተከተላት። «ዳሞራ ውስጥ እህት ነበረችኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሠራዊቱ ወደ ተነሣበት ጨው ሜዳ ሲወርዱ ጥላ የማይጥሉ ዛፎች፣ ወፍ የማያርፍባቸው ገደሎች አለፉ። «ሕያው ሆኜ መንቃቴን በምን ታውቂያለሽ? ጠዋት ጠዋት ጠይቂኝ» አላት ጓንጉል።

በማግሥቱ «እንቆቅልዎ» አለችው።

ጓንጉል እስኪያስለው ሳቀ። «እንቆቅልሽ በአንቱ? ይህን የተጫወተ ፍጡር የለም። ለዚህች እንኳ አንተ በይኝ።»

«አፍራለሁ፣ አባባ።»

«እፈሪ። ብቻ ጦርሽን ወደኔ አዙረሽ እፈሪ።»

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ «እንቆቅልህ» ትለዋለች፤ እሱም «ምን አውቅልሽ፣ ወገቤን አመመኝ እንጂ» ይላታል። ይህች ሳቅ ነበረች ስንቃቸው።

የሙሪትን ወንዝ ሲሻገሩ አንዲት ሴት ከውሃው ወጥታ የጓንጉልን አንገት ያዘች። ጓንጉል ጦር ነበረው፤ አላነሣውም። ፊቷን እያየ «እትዬ» ብቻ አለ። አንጓች ታግላ አስጣለችው። «ደህና ነኝ» አላት፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ጨው ሜዳው ዳር ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ጓንጉል ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል።

«እንቆቅልህ፣ አባባ።»

ስለ ወገቡ እስኪነግራት ጠበቀች።

«አገር ስጪኝ» አለ ጓንጉል።

ከጭጋጉ ውስጥም የማያልቅ ሠራዊት፣ እንደ አንበጣ መንጋ በአንድ ድምፅ፣ «አገር ስጪኝ» አላት።

አንጓች ጦሯን መሬት ላይ አኖረች። ስም ብቻ መስጠት የዳሞራ ስጦታ መሆኑን ታውቃለች። «የአገሬን ምንጭ ከነድምፅዋ ሰጠኋችሁ» አለች፤ የምንጩ ድምፅ ከጆሮዋ ጠፋ። «የአባቴን መቃብር ከነዛፉ። ወድቄ ጉልበቴን የላጥሁበትን ድንጋይ። የእንኮዩን ሽታ፣ ልጆች ሆነን በድንጋይ ስናወርደው።» የጠራችው ሁሉ እየጨለመባት ሄደ። በመጨረሻ «ስሟንም፣ እንኮይ ሜዳን» አለችና ምን እንዳለች ረሳችው።

ሙታኑ በጎኗ አለፉ። ከመካከላቸው አንዱ ትከሻዋን ነካ አደረጋት፤ ነፋስም ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ሽቅብ ወደ እንኮይ ሜዳ ወጥተው በእርሻው ትልም ውስጥ ጎን ለጎን ተጋደሙ፤ አፈሩም እንደ ጋቢ ሸፈናቸው። ለአገር አፈር በቁ። ሰንደራ ዳነች፤ ጅቡም ወደ ቆላው ተመለሰ።

ከዓመታት በኋላ አንጓች ከነጋዴዎች ጋር ስትጓዝ አንዲት ወንዝ ደረሰች፤ እግሯ አልሻገር አላት። ከማዶ እንኮይ ፍሬውን ተሸክሞ ቆሟል፤ አንዲት ምንጭም ትንሿሿለች።

«እንዴት ያለ አገር ነው» አለች። «የማን ይሆን?»

ከነጋዴዎቹ አንዱ ያውቃታል። የበቅሎውን ልጓም ሲፈታና ሲያስር ቆይቶ «የወታደሮች ነው፣ እታለም» አላት።

አንጓች ምንጩን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ታድለው» አለች።