ካሜራው ያላየው መልስ

ሥዕሎቹን ለመለማመድ ሁለት ቀጠሮ ይበቃቸው ነበር። እነሱ ግን አሥራ አንድ ጊዜ ተገናኙ።

እሷ የሆስፒታሉ የንግግር ባለሙያ ናት። እሱ ደግሞ በአውቶቡስ መናኸሪያው የመነሻ ሰዓት ሲለፍፍ የሚውል፣ ባልደረቦቹ «ሜጋፎን» የሚሉት ወጣት። ከአንጎሉ እጢ ሊወጣለት ነው። እጢው ያለው ንግግር ከሚመነጭበት ቦታ አጠገብ ስለሆነ፣ ሐኪሙ በቀጭን ዘንግ ኤሌክትሪክ እያስነኩ ሲፈትሹ፣ እሱ ነቅቶ የሥዕሎቹን ስም መጥራት አለበት። ቃል ከጠፋው ያቺ ቦታ አትቆረጥም።

በአሥራ አንደኛው ቀን እንኳ «ጃንጥላውን ገና አልለመድኩትም» አለ። እሷም እያወቀች አመነችው።

የዚያኑ ቀን ልቡን ሊከፍትላት ጀምሮ ቃሉን ዋጠው።

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ይሻላል» አለ። «ዲዳ ሆኜ ከወጣሁ ሸክም እንዳልሆንብሽ።»

ተናደደች፤ የሥዕል ካርዶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሆስፒታሉ ሰው ከፍርሃቱ እንዲላቀቅ ብሎ ቀዶ ጥገናውን በኢንተርኔት በቀጥታ ለማስተላለፍ ሲጠይቀው፣ ሜጋፎን ዓይኑን አላሸም። «ፈርቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ሕመሜን ደብቄያለሁ። ሌላው አይደብቅ» አለ።

ቀኑ ደረሰ። ካሜራው ከላይ ሆኖ የተከፈተውን አንጎልና የሐኪሙን ጣቶች ብቻ ያሳያል። መናኸሪያው ውስጥ ባልደረቦቹ፣ ቤት ውስጥ እናቱ፣ ሌላም ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አፍጥጦ ያያል። እሷ ከካሜራው በሚከልላቸው መጋረጃ ሥር ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ካርድ ትገልጣለች።

«ቁልፍ። ወንበር። ጃንጥላ። ዶሮ።»

ክው አለች። ዶሮውን ገና አልገለጠችውም።

«ዶክተር፣ ይቁሙ! በቃሉ ይዞታል!»

አሥራ አንዱም ቀን በአንድ ቅደም ተከተል ነበር የተለማመዱት። የሷ ጥፋት ነው። ካርዶቹን ልታደባልቅ ስትል ወለሉ ላይ በተነቻቸው።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ ሐኪሙ ረጋ ብለው። «ያልተለማመደውን ነገር ጠይቂው።»

ዓይኑን አየችው። «ያን ቀን የዋጥከውን ንገረኝ።»

«እዚህ? ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«መናኸሪያ ሙሉ ሰው ፊት አይደል እንዴ ስትጮህ የምትውለው?»

ፈገግ አለ። «ጃንጥላውን የመጀመሪያው ቀን ነው የለመድኩት። ስመላለስ የነበረው ላንቺ ነው። አንድ ቀንማ የአንድ ሰዓት ተኩሉን አውቶቡስ በስምሽ ልጠራው ምንም አልቀረኝም። እኔ እኮ አንቺን እ… እ…»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም።

«ቃል ጠፋው!» ብላ ጮኸች።

ሐኪሙ ዘንጉን አነሱ። «እዚህች ጋ ማንም አይደርስም» ብለው ትንሽ ምልክት አኖሩባት።

«…እወድሻለሁ!» አለ ሜጋፎን፤ ድምፁ እንደ ልማዱ ክፍሉን ሞላው። «አንቺስ?»

እንባዋ ጭንብሏን አርሶት ነበር፤ መናገር አቃታት። አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች፤ ደግማም ነቀነቀች። እሱ አየ። ሐኪሙም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከሦስት ሰዓት በኋላ እጢው ወጥቶ አለቀ፤ ሜጋፎንም ገና ያወራል። እሷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ እፎይ አለች፤ እዚያው ቁጭ ብላ ሳቀች።

በማግስቱ የሜጋፎን ስልክ ጮኸ። እናቱ ናቸው።

«እስቲ ተናገር፣ ልጄ፣ ድምፅህን ልስማው!»

«ደህና ነኝ፣ እማዬ።»

«ተመስገን! ተመስገን!» አሉ እያለቀሱ። ከዚያ ድንገት ለቅሷቸውን አቋረጡ። «ቆይ ግን፣ ያቺ ልጅ ምን ብላ መለሰችልህ? ያን ሁሉ ሰዓት አፍጥጬ ያየሁት ያንተን የጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው!»

አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው ባለሙያ ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

«አዎ ብዬዋለሁ፣ እማማ» አለች።