የአሽከርካሪው ስም

«ሁለት ሰዓት! በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ አልቀመጥም ብያለሁ» አለች አልታየሽ፣ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች። «ዕረፍት የምወጣው እግሬን ዘርግቼ ልተኛ ነው።»

«ተኝተሽማ ምኑን ታይዋለሽ?» አለ ባሏ ኪዳኔ። «ደሴት ማለት ዞረሽ የምትጨርሺው አገር ነው። ካልዞርሽው ምኑን ደሴት ሆነ?»

«ኤሊዎቹስ? ግዙፎቹ?» አለ የአሥር ዓመቱ እዮብ ከሶፋው ላይ። «እኔ የምሄደው ለኤሊዎቹ ነው።»

ትልቋ ልጃቸው ብፅዓት ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ማክሰኞን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የቤቱ ኢንተርኔት፣ ፎርምና ደብዳቤ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወደ ሞሪሸስ የሚያደርጉትን የሰባት ቀን ጉዞ የማቀዱ ሥራም ማንም ሳይመርጣት እሷ ላይ ወደቀ። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢነዱ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። የሦስት ሰው ፍላጎት ግን እዚያች ትንሽ ደሴት ላይ አልበቃ ብሎ ሁለት ሳምንት አከራከራቸው። በመጨረሻ ብፅዓት አንድ ሕግ አወጣች፤ አንድ ቀን መንገድ፣ አንድ ቀን አሸዋ። የመንገዱ ቀን የአባቷ፣ የአሸዋው ቀን የእናቷ። ኤሊዎቹ በሁለቱ መሀል ባለው ጠዋት ይገባሉ። መነሻው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው፤ አልታየሽ ባሕር ዳር ተቀምጣ ዓሣ ሲያልፍባት መጾም አልፈለገችም።

«እሺ፣ ፌር ነው?» አለች ብፅዓት ስክሪኑን ወደ እነሱ አዙራ።

ሦስቱም አጉረመረሙ። ሦስቱም እኩል ካጉረመረሙ ፌር ነው ማለት ነው ብላ ሴቭ አደረገችው።

የቀረው መኪናው ብቻ ነበር። አከራዮቹ መኪናውን የሚይዙላቸው እስከ እሁድ ማታ ነው። የአሽከርካሪው ስም፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ከዚያ መንጃ ፈቃዱ የጸና መሆኑን የሚያሳይ ኮድ ይፈልጋሉ። ብፅዓት አባቷን ሦስት ቀን ጠየቀችው። መጀመሪያ «ነገ» አላት። ቀጥሎ «ካርዱ ሥራ ቦታ ነው» አላት። ዓርብ ደግሞ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ቆሻሻ ሊጥል ወጣ።

ኪዳኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ሳይወጣ በፊት ደብረ ታቦር ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ለንደን መጥቶ አራት ዓመት ክሮይደን ወዳለው የስደተኞች ቢሮ እየተመላለሰ የመኖሪያ ወረቀት ጠበቀ። ከዚያ የሰፈሩን ቀይ አውቶቡስ መንዳት ጀመረ፤ ይኸው አሥር ዓመቱ። ካርድ የሚጠፋበት ሰው አይደለም።

ዓርብ ማታ ብፅዓት መጠየቁን ተወችው። ቁጥሮቹ ሁሉ እሷ ጋ አሉ፤ አምና የመንጃ ፈቃዱን አድራሻ የቀየረችለት ራሷ ናት። ኮዱን በሁለት ደቂቃ አውጥታ ልትገላገል መንጃ ፈቃድ የሚታይበት ገጽ ላይ ገባች።

ገጹ ኮድ አልሰጣትም። አውቶቡስ መንዳት፣ ተሰርዟል። የቤት መኪና መንዳት፣ ተሰርዟል። በሕክምና ምክንያት፣ ከማርች አሥራ አራት ጀምሮ።

የተሳሳተ ቁጥር ያስገባች መስሏት እንደገና ሞከረች። ያው ነው። አሁን ጁላይ ነው። አባቷ ዛሬ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲወጣ በር ሲዘጋ ሰምታዋለች።

ቅዳሜ ለእናቷ «ላይብረሪ ነኝ» አለችና ወደ አውቶቡሶቹ ጋራዥ ሄደች። ብዙ መፈለግ አላስፈለጋትም። ኪዳኔ በሩ ላይ ቆሟል። ከዩኒፎርሙ በላይ ቢጫ ሰደርያ ደርቦ፣ ወደ ኋላ ለሚገባ አውቶቡስ በእጁ ምልክት ያሳያል፤ ና፣ ና፣ በቃ። የሚገባው አውቶቡስ የእሱ መስመር አውቶቡስ ነበር።

ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ሆናችሁ? እዮብ ነው?»

«ማንም ምንም አልሆነም» አለች ብፅዓት። «መንጃ ፈቃድህን አየሁት። ኮድ ላወጣ ገብቼ።»

ኪዳኔ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ለጓደኛው አንድ ነገር ተናግሮ መጣና ከመንገዱ ማዶ ያለው አጭር ግንብ ላይ ተቀመጡ።

«ሻይ ስጠጣ ነው» አለ በመጨረሻ። «መሪ ላይ አልነበርኩም፤ እሱን እወቂልኝ። ብርጭቆ እንደያዝኩ ወደቅኩ። ስነቃ አምቡላንስ ውስጥ ነኝ። ሲዠር ነው አሉኝ።»

«የሚጥል በሽታ» የሚለውን አማርኛውን አልተናገረውም። ብፅዓት የአማርኛውን ቃል ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሴቶች ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ ሰምታዋለች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር ያሉት።

«ኦቨርታይም ገባሁ ብለህ የዘገየኸው ያን ቀን ነው?»

«አዎ።»

«እንደገና አሞህ ያውቃል?»

«በፍጹም! ሐኪሙም ደጋግሞ አይቶኛል። ስድስት ወር ከሞላኝ የቤት መኪናውን ይመልሱልኛል። አውቶቡሱን እንኳ...» እጁን ወደ ጋራዡ ዘረጋ። «እሱ ብዙ ዓመት ነው። እስከዚያ እዚህ አቆሙኝ። ደጎች ናቸው።»

«ስድስት ወር የሚሞላህ ሴፕቴምበር ነው። እኛ የምንሄደው ኦገስት ነው።»

«አምስት ወር ከምናምን። አምስትና ስድስት ምን ያህል ይለያያል?» ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ ብፅዓትዬ። ካርዱን መልስ የሚለውን ደብዳቤ ከአንቺ በፊት አንስቼ ደበቅኩት፤ ካርዱን አልመለስኩም፣ እኔ ጋ ነው። ፎርሙን በእኔ ስም ሙዪው። ኮድ ከማይጠይቅ ሌላ አከራይም ቢሆን ፈልጊ። እዚያ ደሴት ላይ ማን ይፈትሸናል?»

ብፅዓት ቤታቸው ጀርባ ሸራ ለብሳ የቆመችውን መኪናቸውን አሰበች። ከማርች ጀምሮ ክላቿ ተበላሽቷል ተብሎ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በባቡር ነው።

«አባዬ፣ ክላቹ አልተበላሸም፣ አይደል?»

ኪዳኔ ጓንቱን ጨምደድ አደረገው። «አልተበላሸም።»

«እዚህ እኛን ይዘህ ካልነዳህ እዚያ ለምን ትነዳለህ?»

አንድ አውቶቡስ በሩ ላይ ደርሶ ጥሩንባ ነፋ። ኪዳኔ ተነስቶ ጓንቱን አጠለቀ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለ ሳያያት። «ፈርታ ሁሉንም ትሰርዘዋለች። ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግራታለሁ። ይሄን ጉዞ ብቻ አታስቀሪብኝ።»

ስትመለስ አውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ከፊት ተቀመጠች። አባቷ እንዳላት ምስጢሩን መጠበቅ ትችላለች። ወይም ዛሬውኑ ለእናቷ መናገር። ወይም በመኪና የሚለውን ትታ በአውቶቡስ የሚኬድበት ዕቅድ ማውጣት፤ ደሴቲቱ ላይ አውቶቡስ አለ። ሦስተኛውን አውቶቡሱ ስትሪትሃም የሚባለው ሰፈር እስኪደርስ በስልኳ ሞከረችው። የመንገዱን ቀን አፈረሰው፣ የአሸዋውንም ቀን አፈረሰው። ደግሞም አባቷ ለምን መኪና እንዳልፈለገ አንድ ሰው ሌላ ውሸት መፍጠር ይኖርበታል። ያ ሰው እሷ እንደምትሆን ታውቃለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ መስታወት ፊት ቆማ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ትሞክራለች። አልታየሽ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ውላ ወገቧን ይዛ ነው የምትገባው።

«እንዴት ነው? ቱሪስት እመስላለሁ?»

«በጣም ነው የሚያምርብሽ። ማሚ፣ ግን መዞሩን ካልፈለግሽ ለምን እሺ አልሽ?»

አልታየሽ ባርኔጣውን አወለቀች። «ለአባትሽ ብዬ ነዋ። አሥር ዓመት ያችኑ መስመር ሲመላለስባት። ሰው ደወል ሲደውልለት ይቆማል፣ ሲወርዱለት ይነሳል። አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ባለው ቦታ ያቁም ብዬ ነው።» ከዚያ ሳቀች። «ነገርኩሽ ብለሽ ደግሞ እንዳትነግሪው፤ አራት ሰዓት ይነዳኛል።»

ብፅዓት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በአንድ ቀን ሁለት ሰው «እንዳትነግሪ» ብሏታል።

የቤቱን ሰነዶች የምታስቀምጥበትን ሰማያዊ ፋይል አወጣች። የምትፈልገውን በግልጽ አታውቅም ነበር፤ እስክታገኘው ድረስ። የእናቷ መንጃ ፈቃድ። አልታየሽ ከስድስት ዓመት በፊት በሦስተኛ ሙከራዋ ነበር ያለፈችው። ሁለት ወር ያህል ነዳች። ከዚያ ክሮይደን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ምሰሶ ነካችና «ሹፌር እያለልኝ ምን አስጨነቀኝ» ብላ ተወችው። ካርዱ ግን ይሠራል። ምንም አልተሰረዘበትም።

ብፅዓት ፎርሙን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሞላችው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ አልታየሽ ወጥ ልታሞቅ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ኪዳኔ ሳሎን ተቀምጧል። ብፅዓት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

አነበበው። የአሽከርካሪው ስም በሚለው ቦታ ላይ የሚስቱን ስም ሲያይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮዱን ያለ ፈቃዷ አላወጣም፤ እሺ ማለት አለባት» አለች ብፅዓት በቀስታ። «ለምን እኔ ብላ ትጠይቃለች።»

«አንቺ ምን ልትያት ነው?»

«ምንም። እኔ አልነግራትም። ውሸትም ግን አልነግራትም። በአንተ ስም ደግሞ አልሞላም፣ አባዬ። እዮብ ከኋላ ነው የሚቀመጠው።»

ኪዳኔ ፊቱ ቀላ፤ ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ወዳለው ካርታ መለሰ። በጣቱ የደሴቲቱን የደቡብ ጠረፍ ተከተለ፣ ዳገቱ ጋ ሲደርስ አቆመ።

«እዚህ ጋ መንገዱ ጠባብ ነው» አለ። «ትፈራለች።»

«አንተ አጠገቧ ትቀመጣለህ።»

ከማዕድ ቤት የሳህን ድምፅ ይሰማል። ኪዳኔ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ሁለት ጊዜ ሸሚዙን አስተካከለ። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ሄዶ በሩን ከኋላው ሳብ አደረገው።

ብፅዓት እናቷ «ምነው?» ስትል ሰማች። ቀጥሎ የአባቷን ዝቅተኛ ድምፅ። ከዚያ በላይ መስማት አልፈለገችም።

«እዮብ፣ ጫማህን አድርግ።»

«ምሳስ?»

«እንመለሳለን። ና ተነስ፣ ሲሪየስሊ።»

ዋናውን የሰፈር ጎዳና፣ ሃይ ሮዱን፣ ይዘው እስከ ሜዳው ድረስ ሄዱ። እዮብ መንገዱን ሙሉ ስለ ኤሊዎች ያወራል፤ መቶ ዓመት እንደሚኖሩ፣ ሲመሽ ምን እንደሚያደርጉ። ብፅዓት «እህ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ «ማሚና አባዬ ተጣሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። «እያወሩ ነው» አለችው። እሱም ይሄን ትንሽ አሰበበትና ወደ ኤሊዎቹ ተመለሰ። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ስልኳን ስታይ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ማንም አልደወለም።

ሲመለሱ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ኪዳኔ ማዕድ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ ሳህን ያጥባል፤ ማንም አልበላበትም፣ ንጹሑን ነው የሚያጥበው። አልታየሽ ሳሎን ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ይዛዋለች።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?» አለች።

«ዓርብ ማታ።»

አልታየሽ ወደ ማዕድ ቤቱ አየች። ውሃው አሁንም ይፈሳል።

«ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ አብሬው እሄዳለሁ» አለች። «ሁሉንም በጆሮዬ ነው የምሰማው።» ከዚያ ብፅዓትን አጠገቧ እንድትቀመጥ ሶፋውን መታ መታ አደረገችው። «ይሄ መኪና ማርሽ የሚቀየርበት ነው?»

«አዎ። አባዬ እሱን ነበር የመረጠው።»

«አውቶማቲክ አድርጊው» አለች አልታየሽ። «ማርሽ እየቀየርኩ አባትሽን መቆጣት አልችልም።»

ማዕድ ቤት ውስጥ ውሃው ቆመ። ብፅዓት ምርጫውን ቀየረች። ከዚያ ዕቅዱን ከፍታ ረጅሙን የመንገድ ቀን ለሁለት ከፈለችው።