በጀርባው የተኛው እስረኛ

ካሳሁን ለጠዋት ቆጠራ አልተነሳም። በተኙት እስረኞች እግር ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ እንደዘረጋ ደርቆ ነበር። አንገቱ ላይ የዑበይድ ሽርጥ ተጠምጥሟል። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ማቆያ ቤት፣ ድሮ የብረት መጋዘን በነበረው፣ ቁርስ ሳይደርስ ፍርዱ አለቀ፤ ገዳዩ ዑበይድ ነው ተባለ። ዑበይድ ደግሞ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናብቶት በማግሥቱ ሊፈታ የነበረ ሰው ነው።

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ቀስ ብላም ትጠይቃለች። ችኩል ሰዎች ደካማ ትመስላቸዋለች፤ ብዙዎቹ ይህን ስህተት የሚያስታውሱት ችሎት ቆመው ነው።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ጨርሷል። «ትንፋሽ አጥሮት ነው የሞተው» አላት። «ታፍኖ ይሁን አስሙ ተነስቶበት ገና አልለየሁም። የሞተው ግን እንዲህ እንደተንጋለለ ነው፤ እንደዚሁ ደርቋል።»

«የአስም ፓፉ የታለ?»

«ኪሱ ውስጥ የለም።»

የማቆያው ምክትል ኃላፊ ኮማንደር ሀብተሚካኤል ቢሮው ተቀብሏት ወንበር ሳበላት።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር። ትናንት ሁለቱ ተጣልተዋል። ሌሊት በክፍላቸው መስኮት ሳይ ካሳሁን በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ዘርግቶ ያንኮራፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ያፈነው።»

«በዓይንዎ አዩት?»

«በዓይኔ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያለምወርቅ አመስግናው ወጣች።

ዑበይድ እጁ በካቴና ታስሮ፣ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ግቢው ውስጥ ነበር የጠበቃት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመኝታ ቦታ ነው። እዚህ ከወንድሜ ጋር ብታሰርም እጣላለሁ።»

«ሽርጥህ እንዴት አንገቱ ላይ ተገኘ?»

«እኔ እንጃ። አጥቤ ግቢ ሽቦ ላይ አስጥቼው፣ ሳላነሳው በር ተዘጋብን።»

«ሌሊት ምን ሰማህ?»

ዑበይድ ዓይኑን ወደ እስረኞቹ አለቃ፣ ካቦ ወደሚሉት ወደ ነቢዩ መለሰ። «ተኝቼ ነበር» አለ። ነቢዩም ተኝቶ ነበር። ሌሎቹም ሁሉ እንዲሁ። ይህን ያህል ሰው ባንድ ሌሊት እንዲህ እንቅልፍ ከወሰደው ተአምር ነው።

የሌሊቱ ዘበኛ ኤባ ከሁሉም ይበልጥ ፈርቷል። «ትናንት ካሳሁን ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲመለስ ኮማንደሩ አስጠርተውት ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳኛዋ ፊት ሸሚዙን ገልጦ የተገረፈ ጀርባውን አሳይቷል ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

ኤባ የኮማንደሩን ቢሮ መስኮት ገርመም አድርጎ ወደ በሩ ተመለሰ።

እስረኞቹ ክፍል ስትገባ ግድግዳው ግርጌ በከሰል የተሰመሩ መስመሮች አየች። የአንዱ ከሌላው ርቀት ሁለት ስንዝር አይሞላም።

«ምንድን ነው?» አለችው ነቢዩን።

«የየሰዉ የመኝታ ድርሻ ነው።»

ያለምወርቅ አንዱን ድርሻ በስንዝሯ ለካች። ከዚያ ኮማንደሩን፣ ኤባንና ሐኪሙን እዚያው አስጠራች።

«እንደ ማታው ተኙ» አለቻቸው እስረኞቹን።

ሁሉም በጎናቸው፣ እንደ ክብሪት እንጨት ተጣበቁ። የካሳሁን ቦታ ብቻ ክፍት ቀረ።

«አንዱ መገላበጥ ቢፈልግስ?»

«ብቻውን አይችልም» አለ ነቢዩ። «እኔ ‹ዙር› ስል ሁላችንም አብረን እንዞራለን።»

«ኮማንደር፣ እባክዎ ካሳሁን ቦታ ላይ ይተኙልን። በጀርባዎ፣ እጅዎን ዘርግተው።»

ኮማንደሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ቦታው አይበቃም» አለች ያለምወርቅ። «ካሳሁን የሞተው ተንጋሎ፣ እጁን ዘርግቶ ነው፤ እዚህ ያ ቦታ የለም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞቶ ነው የመጣው። በሩ በውጭ ተቆልፏል፤ ያመጣው ቁልፍ ያለው ነው። ሽርጡም ግቢ ነበር፤ በር የተዘጋበት ዑበይድ ሊያነሳው አይችልም። ለብቻ የሚያስተኛ ክፍል ደግሞ አንድ ነው፣ ጨለማ ቤቱ።»

«ኤባም ቁልፍ አለው!» አለ ኮማንደሩ።

«አለው። ግን ኤባ በየሌሊቱ በዚህ መስኮት ያያል፤ እስረኛ ሲንጋለል አየሁ ብሎ አይዋሽም። እንዲህ የሚዋሽ፣ ያሰራቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያድሩ አንድም ቀን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

ኤባ ማልቀስ ጀመረ። «ሊነጋ ሲል ስናመጣው እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፓፉን ቀምተውት ነበር። ‹ፓፌን ስጡኝ፣ ልሞት ነው› እያለ በሩን ሲደበድብ ኮማንደሩ ‹ለዳኛህ ንገራት› አሉት።»

ፓፉ ከኮማንደሩ መሳቢያ ተገኘ። ካቴናው ከዑበይድ እጅ ወልቆ ወደ ባለቤቱ ሄደ።

ያለምወርቅ ግን ንዴቷ አልበረደም። «ጩኸቱን ሰምታችኋል» አለች። «ሬሳውን ሲያስገቡም ነቅታችሁ ነበር። ለምን ጠዋት አልነገራችሁኝም?»

ነቢዩ ሳይቆጣ መለሰላት።

«እርስዎ ማታ ቤትዎ ይገባሉ። እኛ እዚሁ ከኮማንደሩ ሰዎች ጋር ነው የምናድረው።»

ያለምወርቅ ስልኳን አወጣች። ወደ ዳኛዋ ደውላ ምስክሮቹን እዚሁ መጥታ እንድትሰማ ጠየቀቻት። ከዚያም ወንበር አስመጥታ፣ ፊቷን ወደ ዘበኞቹ አዙራ በሩ ላይ ተቀመጠች።