የአድማሴ ካሜራ ቁመት

እንጅባራ ዳር፣ የፈረሰኞች ሜዳ ላይ ሁለት ሬሳ ነበር፤ ኢንስፔክተር ወርቅአየሁ የተጠራችው ግን ለአንዱ ብቻ ነው። እሱም ፎቶ አንሺው አድማሴ ነው፤ ከጆሮው በላይ ተመትቶ ጤዛው ላይ ወድቋል። ሌላው የጋላቢው የይኸነው ፈረስ ነው። የሟቹ ታላቅ ወንድም አዝመራው፣ ፈረሱ ወንድምህን ረግጦ ገደለው ሲሉት ፖሊስ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀም፤ ተኩሶ ጣለው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ጥር 2009 ነበር፤ ለዓመታዊው የፈረሰኞች በዓል ልምምድ የሚደረግበት ሳምንት።

«የፈረሱ ሞት ይበቃል እንዳትይኝ» አላት አዝመራው፣ ጠብመንጃውን ሳያወርድ። «እስከ ቀትር ጋላቢውን አስረሽ ካልወሰድሽ ደሜን ራሴ እመልሳለሁ።»

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል፤ እርስዎ ገድለውም ወሬውን አላጣሩ።»

ይኸነው በሁለት ፖሊሶች መሃል መሬት ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከፈረሱ ላይ አልነቀለም።

«ከአድማሴ ጋር ተጣልተሃል?» አለችው።

«ተጣልቻለሁ። መስመር ውስጥ እየቆመ ፈረሴን ያስበረግግብኝ ነበር። ዛሬ ግን ስጋልብ ቆሞ አላየሁትም።»

«ውሸታም!» አለ ኪዳኑ። እሱም የከተማው ፎቶ አንሺ ነው፤ አጭር፣ አፈ ፈጣን ሰው። አየሁ ያለው እሱ ብቻ ነበር። «አድማሴ ቆሞ፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ያነሳ ነበር። ይሄ ከጀርባው መጥቶ ረገጠው።»

«ካሜራውን ነክተኸዋል?»

«በጣቴም አልነካሁት። ሬሳ አጠገብ ያለ ነገር እንደማይነካ አውቃለሁ።»

ካሜራው ከነትልቁ ሌንሱ፣ ባለ አንድ እግር መደገፊያው ላይ እንደታሰረ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ዘንጉ ወፍራም ነው፤ አንዱ ውስጥ አንዱ እየገባ የሚታጠፍና የሚረዝም። ወርቅአየሁ ማጥበቂያዎቹን ማንም እንዳይነካ አዘዘችና ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ፍቅርአዲስ ሄደች። ፍቅርአዲስ ፎቶ ቤቱን ከባሏ ጋር ትሠራ ነበር፤ አሁን ለቅሶውም ንዴቱም ተቀላቅሎባታል።

«ዘንጉ አዲስ ነው?»

«አዲስ አበባ ሄዶ የመረጠው ነው። የበፊቱ ቀጭን ነበር፤ ሌንሱ ሲጫነው ይንቀጠቀጣል፤ ተዘርግቶም አገጩ ጋ ይቀራል። ጎንበስ ሲል እየዋለ ወገቡ አለቀ። ይሄን ሱቁ ውስጥ ዘርግቶ፣ ሌንሱን ጭኖ፣ ዓይኔ ጋ መድረሱን ካላየሁ አልገዛም ብሎ ባለሱቁን አስመርሮታል።»

«ከኪዳኑስ ጋር እንዴት ነበሩ?»

ፊቷ ጠቆረ። «ኤግዚቢሽን ላይ ሽልማት ያገኘበት የፈረስ ፎቶ የአድማሴ ነው። ሰርቆ በስሙ አቀረበው። አድማሴ ዛሬ ከልምምዱ በኋላ ዋናውን ፎቶ ለበዓሉ ሽማግሌዎች ሊያሳይ ነበር።»

ቀትር ሊሆን ሲል ወርቅአየሁ ሁሉንም ሜዳው ዳር ካለ ሾላ ሥር ሰበሰበች። ካሜራውን በዘንጉ አቁማ ያዘች።

«ቁስሉን አይቻለሁ» አለች። «የፈረስ ኮቴ ሰፊ ነው፤ ይሄ ግን ጠባብና ክብ ነው፤ የዚህ ዘንግ ጫፍ ልክ። አድማሴ የተመታው ዘንጉ ታጥፎ ሳለ ነው። ገዳዩ ከዚያ ጠረገው፣ ዘረጋው፣ ካሜራውን አሰረበት፤ ሟቹ እያነሳ ነበር ለማሰኘት። ይኸነው፣ እስኪ ቁም።»

ይኸነው ቆመ። ዓይን የሚገጠምበት የካሜራው ማያ ደረቱ ጋ ነው።

«አድማሴም እንደ አንተ ረጅም ነበር። ዓይኔ ጋ ካልደረሰ አልገዛም ያለ ሰው፣ ደረቱ ጋ አድርጎ ቆሞ አያነሳም። የተንበረከከ ቢሆን ደግሞ ከዚህም ያጥር ነበር።»

«ታዲያ ይሄው ፈረሰኛ አስተካክሎት ይሆናላ!» አለ አዝመራው።

«የማያውቅ ሰው ዘንጉን ከካሜራው ሥር ያስረዋል። ይሄ ግን የታሰረው ሌንሱ መሃል ካለው ቀለበት ላይ ነው፤ ከባድ ሌንስ ሚዛኑ እዚያ ነው። ያሰረው ሙያውን ያውቃል። ፍቅርአዲስ ሙያውን ታውቃለች።»

ፍቅርአዲስ ቀረበች። ተንጠራርታ እንኳ ማያው ጋ አልደረሰችም።

«ኪዳኑ፣ ያንን ፈረስ ፎቶ አንሳልኝ።»

«አልነካም!»

«አትንካው። ቀጥ ብለህ ቁምና እይበት ብቻ።»

ሁለት ፖሊሶች አቀረቡት። ማያው ዓይኑ ላይ ተገጠመ፤ ጎንበስም አላለ፣ ተንጠራራም አላለ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ፎቶ አንሺ ዘንግ ሲዘረጋ እጁ የሚቆመው የገዛ ዓይኑ ጋ ነው» አለች። «አስበህበት አይደለም፣ ለምዶብህ ነው። በጣቴም አልነካሁት ያልከው ግን አስበህበት ነው።»

«በሽማግሌ ፊት ሌባ ሊያሰኘኝ!» ብሎ ጮኸ ኪዳኑ። «ይቅርብህ ብዬ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ!»

አዝመራው ጠብመንጃውን አነሳ። ወርቅአየሁ ዘላ ኪዳኑ ፊት ቆመች፤ ነገር ግን አፈሙዙን አንቆ የያዘው ይኸነው ነበር።

«ልቀቅ! አንተንም በስህተት ልገድል ነበር፤ አሁን ግን ትክክለኛውን…» አለ አዝመራው።

«ጠዋትም ትክክል ነኝ ብለህ ነው የተኮስከው» አለው ይኸነው። «ፈረሴ አፍ የለውም፣ አልሠራሁም አላለህም። ይሄ አፍ አለው። ፍርድ ቤት ይናገርበት።»

የአዝመራው እጅ ላላ። ጠብመንጃውን ፖሊሶቹ ወሰዱት። ያን ጊዜ ነው ገና ወንድሙን አስታውሶ ማልቀስ የጀመረው።

«ይኸነው፣ ወንድሜ… ይቅር በለኝ» አለ።

ይኸነው ወደ ፈረሱ ሄደ። ከሞተው ፈረሱ ላይ ኮርቻውን ፈታ፣ ትከሻው ላይ አደረገና በእግሩ ወደ ቤቱ፣ ወደ አዘና የሚወስደው መንገድ ገባ።