ጡሩምባው የመረጠው እጩ

እትዬ የሺመቤት ድምፃቸውን የሰጡት ፈጢራ እየበሉ ነው። ይሄ በዚያ ዘመን በድሬዳዋ ማንንም አያስገርምም፤ ሰው ሁሉ የሚመርጠው እንደዚያው ነው። ማለዳ ከተማውን ከፀሐይ የሚከልለው ትልቁ ሸራ በራሱ ጊዜ እየተንቋቋ ይዘረጋል፤ ከዚያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ እጩዎቹ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ክንድ ላይ ያለው ልበ ሰሚም ያዳምጣል። ልበ ሰሚ ማለት የልብን ምት እየሰማ፣ ልብ ለማን ድልቅ እንዳለ የሚመዘግብ ቀጭን አምባር ነው። እጅ ማውጣት የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሰልፍ የለ።

የዚያን ቀኑ የግራር ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ነበር። ፓርቲው ለከንቲባነት የሚያቀርበውን ሰው ከሁለት አባላቱ መካከል ይለያል፤ እትዬ የሺመቤትም የአርባ ዓመት አባል ናቸው።

መጀመሪያ የውሃ መሐንዲሷ ሐዊ ታየች። ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ተናገረች፤ ንግግሯ ደረቅ ያለ ነው። ቀጥሎ አቶ ምንያህል መጣ። ከጀርባው የድሮው ባቡር ጣቢያ ይታያል። ገና አፉን ሳይከፍት የባቡር ጡሩምባ ተነፋ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

እትዬ የሺመቤት የያዙት ቁራሽ ከእጃቸው ወደቀ። አምባሩ አረንጓዴ በራ።

«ድምፅዎ ለአቶ ምንያህል ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

«ለማን?» አሉ ግድግዳውን። «አቦ፣ እኔ መቼ መረጥኩት!»

ሻሻቸውን አስረው ወጡ።

ምርጫ ጣቢያው ውስጥ የማሽኑን መዝገብ የምትጠብቀው ፎዚያ ብቻዋን ተቀምጣለች። የጎረቤት ልጅ ናት። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ብትሆንም፣ እትዬ የሺመቤት ባዩዋት ቁጥር የሚታያቸው በልጅነቷ የፊት ጥርሷ ወልቆ የምትስቀው ሳቅ ነው።

«እማማ፣ በዚህ ሙቀት ምን አመጣዎት?»

«ድምፄን መልሺልኝ፤ የሐዊ ነው።»

ፎዚያ ሳቀች። መዝገቡን ከፍታ ስታይ ግን ግራ ገባት። «ልብዎ እኮ ድልቅ ብሏል። እንዲህ የመታ ልብ ዛሬ ሙሉ ቀን አላየሁም። ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ?»

«ልቤማ መታ። ለሰውየው መሰለሽ እንዴ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ነገሯት። ባላቸው ጋሽ ሳህሌ ባቡር ነጂ ነበሩ። ከጉዞ ሲመለሱ የደቻቱ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ይነፋሉ። መጣሁ፣ ምሳ አቅርቢ ማለታቸው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሴቶቹ «የሺ፣ ባልሽ ራበው!» እያሉ ይስቁባቸዋል። ባቡሩ ከቆመ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ጋሽ ሳህሌ ከሞቱ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ።

«የአቶ ምንያህል ሰዎች ከድሮ ቅጂ አውጥተውት ይሆናል። ረጅሙ ሊያልቅ ሲል ትንሽ ያዝ አድርጎ የሚለቃት ነገር አለች። ያቺ የሳህሌ እጅ ናት። ሌላ ሰው እንደዚያ አይነፋም።»

ፎዚያ ተነሣችና የማሽኑን ካሜራ ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ አንዲት ፍየል ካርቶን ታኝካለች። የፍየሏን ምስል ግድግዳው ላይ አወጣች፣ ጡሩምባውን ለቀቀች።

አምባሩ አረንጓዴ በራ። ማሽኑ ስም ፈለገ፣ አጣ። «ድምፅዎ ስሟ ላልታወቀ እጩ ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የእትዬ የሺመቤት እንባ ግን ሳቁ ካለቀም በኋላ ቶሎ አልቆመም።

«ግን እማማ፣» አለች ፎዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አቶ ምንያህል ባቡሩን እመልሳለሁ ይላል። ሐዊ ደግሞ ጣቢያውን አፍርሳ የጎርፍ ማቆሪያ ልትቆፍርበት ነው። ልብዎ እዚያ ጣቢያ ካለ፣ እንዴት ሐዊን ይመርጣሉ?»

እትዬ የሺመቤት አምባሩን በጣታቸው ዙሪያውን አዞሩት።

«የአምናው ጎርፍ የእነ ከድርን ቤት ሲወስድ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«ሰባት ነፍስ። የትንሿን ልጅ ፊት ከጭቃው ያጠብኩት እኔ ነኝ። ባቡሩ አይመጣም፣ ልጄ። ሐዲዱም ከተነሣ ስንት ጊዜው። ጎርፉ ግን ይመጣል። ጣቢያውን ሲያፈርሱት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የማለቅሰው፤ ግን ይፍረስ። ይሄ አምባርሽ የምወደውን በደንብ አውቋል፣ አልዋሸም። የምመርጠውን ግን ማን ጠየቀኝ?»

ፎዚያ ሪፖርቱን በዚያው ቀን ጻፈች፣ የፍየሏን ምስልም አያያዘችበት። የፓርቲው ኮሚቴ መጀመሪያ ማሽኑ አይሳሳትም ብሎ መለሰላት። ፍየሏን ሲያዩ ግን የሰፈሩን መዝገብ አስከፈቱ። እዚያ ሰፈር ባቡሩን የሚያስታውስ አዛውንት ሁሉ ልቡ የደለቀው በአንድ ቅጽበት ነበር፤ ጡሩምባው ሲነፋ። በስምንተኛው ቀን ምርጫው በዚያ ሰፈር በወረቀት እንዲደገም ተወሰነ።

ሰልፉ ከሸራው ጥላ ሥር ተሠራ። ሰው ወገቡን እየያዘ፣ እየተጋፋ፣ ዘመድ እየጠየቀ ቆመ። ስንት ዓመት እንዲህ አብረው አልቆሙም! ጡረተኛው የሐዲድ ጠጋኝ ጋሽ ኢብሳ ከኋላ ጮኹ፦

«የሺ፣ ዛሬም ፍየሏን ልትመርጪ ነው?»

«እሷ እንኳ ጡሩምባ አታስነፋብኝም!»

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ።

መጋረጃው ውስጥ ሲገቡ ግን ሳቁ ውጭ ቀረ። ወረቀት፣ እርሳስና እሳቸው ብቻ። አንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ድልድዩን አዩት። ከዚያ ገልጠው ሐዊ በሚለው ስም ላይ ምልክት አደረጉ፣ ወረቀቱንም አጠፉት። ክንዳቸው ላይ አምባሩ ጨለማ እንደሆነ ቀረ፤ አንዲት ብልጭታ እንኳ አላሳየም።

ሲወጡ ፎዚያ ሥራ የፈቱትን አምባሮች ከሰዉ እየሰበሰበች ነበር። እትዬ የሺመቤት ክንዳቸውን ዘረጉላትና መልሰው ሰበሰቡት።

«ከማስረክብሽ በፊት አንድ ጊዜ አሰሚኝ።»

ፎዚያ ወደ ምርጫ ጣቢያው አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ያዝ፣ ከዚያ ልቅቅ።

አምባሩ አረንጓዴ በራ። ፎዚያ አየችው፤ አልመዘገበችውም።