ፋናር ጣሪያ ላይ የተሰጣችው አንሶላ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ሁለት ምንጭ ያላረጋገጠልኝን ወሬ እንኳን ልጽፈው ለሚስቴም አልነግራትም፣ ስለዚህ "ደንግጦ ነው" ሊለኝ ያሰበ ካለ ከአሁኑ ይተወኝ።

በፈረንጆቹ 2019 መገባደጃ፣ የቤይሩት መንገዶች በተቃውሞ በተዘጉ ሰሞን፣ ከላይ ልያቸው ብዬ ጆርጅ በሚባል ሊባኖሳዊ ወዳጄ ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ተሳፈርኩ፣ እመኑኝ ከሞተር ብስክሌት ብዙም አትሻልም። ከተማው ዳር ያለው ፋናር ኮረብታ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጸጥ አለ። ጆርጅ ወዲያው የአውሮፕላኗን አፍንጫ ዝቅ አደረገ፣ ፍጥነት ካጣን እንደ ድንጋይ ነው የምንወርደው፤ ማስነሻውን ሞከረ፣ እምቢ አለው።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አውራ ጎዳናው ላይ እናርፋለን፣ ዛሬ መኪና የለም" አለ።

ጎዳናውን ሰልፈኞች በሁለቱም በኩል ዘግተውታል፣ መሀሉ ባዶ ነው ግን አጭር፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ካላረፍን ሰዎቹ ላይ እንገባለን። ነፋሱ ከየት እንደሆነ በምን ይታወቅ? ሰልፈኞቹ ያነደዱት የጎማ ክምር እሳቱ ጠፍቷል፣ ጭስ የለም፣ በየበረንዳው የተሰጣው ልብስ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል።

ያኔ ነው አንሶላዋን ያየሁት። አንድ ጣሪያ ላይ፣ ብቻዋን፣ ወደ ደቡብ ተወጥራ ትርገበገባለች፣ ድምፅዋም ጧ፣ ጧ እያለ ልክ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። ፎቶ አላነሳሁም፣ ሁለቱም እጆቼ ወንበሩን ይዘው ነበር።

"ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ ኡስታዝ። አየሃት?" አለ ጆርጅ፤ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ "ኡስታዝ" ነው የሚለኝ።

"አየኋት።"

ወደ ሰሜን ዞረን አረፍን፣ ነፋሱ በእርግጥም ፊታችንን ገረፈው፣ የጎማው ክምር ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቆምን። አንዱ ሰልፈኛ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ "መንገዱ ዝግ ነው፣ አልሰማችሁም?" አለን።

በማግስቱ ሕንፃውን ፈልጌ አገኘሁት። የላይኛው ፎቅ ላይ የምትሠራ ዘሃራ የምትባል የወሎ ልጅ በር ከፈተችልኝ፤ ጣሪያው ላይ ልብስ የሚያሰጣው ማነው አልኳት።

"ማንም፣ ወንድሜ። ማዳሜ በረንዳ ላይ ነው አስጪ የምትለኝ። የጣሪያው በር፣ ያኒ ማለቴ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ተበይዷል፣ ና እይ።"

አየሁ። ብየዳው ራሱ ዝጓል።

"ጧ ጧ የሚለውን ድምፅ ከሆነ ግን እኔም እሰማዋለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ለማዳሜ ስነግራት እብድ ትለኛለች።"

ሞተሩ ተጠግኖ በአውሮፕላኗ ልንመለስ ስንል ጆርጅ በፋናር በኩል አልሄድም አለ። እኔ ግን ያላ፣ በዚያው በላዩ ነው የምናልፈው፣ ጣሪያ ፈርቼ አቅጣጫ አልቀይርም አልኩት። ሄድን። አንሶላዋ እዚያው ተወጥራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዞርናት፣ እሷም አብራን ዞረች።

ሁለት ምንጭ አለኝ፣ እኔና ጆርጅ፣ ስለዚህ ጻፍኩት። ሞተሩ ያን ቀን ደህና እየጮኸ ነበር፣ የአንሶላዋ ድምፅ ግን ከሱ በላይ ይሰማ ነበር።